ስለ ዜማ ምልክትና ስለ ኮምፒውተር ትእዛዝ

በጎንደርና በዙሪያዋ ልጅ ያላቸው ብዙ ሰዎች፥ ልጃችን ዜማ ይማር ወይስ የኮምፒውተርን ዕውቀት ይከተል እያሉ ሁለቱን እንደማይገናኙ መንገዶች ሲመዝኑ ይሰማል። ወላጅ ስለ ልጁ እንጀራ ቢጨነቅ አይነቀፍም። ነገር ግን ሁለቱ ጥበቦች እንደሚታሰበው የተራራቁ አለመሆናቸውን ለማስረዳት ጥቂት ቃል እንጽፋለን።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ተነሥቶ በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች እንደ መነነ ይነገራል። ዜማው ብዙ ዘመን በቃል ሲተላለፍ ኖሮ፥ ዛሬ በድጓ ከፊደሉ በላይ በጥቃቅን የሚጻፈውን ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559) ያዘጋጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ሊቃውንት ያወሳሉ።

ይህ ምልክት እንደ አውሮፓ ኖታ የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታና ዝቅታ ለይቶ የሚያሳይ አይደለም። ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ድፋት፥ ጭረት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቁርጥ የሚባሉት የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ። ከነዚህ ሌላ ግን አንድ ወይም ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ የሆነ ምልክት አለ፤ ይህም ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ከሌላ ስፍራ የተቆረጠ ነው። ተማሪው ያችን ፊደል ባየ ጊዜ የዚያን ስፍራ ዜማ ከልቡ አውጥቶ በፊቱ ያለውን አዲስ ቃል ያለብሰዋል። ቃሉ ቢረዝም ወይም ቢያጥር፥ ዜማውን በልኩ ማስፋትና መሰብሰብ የርሱ ፈንታ ነው።

ለኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገውን ሥራ አንድ ጊዜ በዝርዝር ጽፎ ስም ያወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ በሚፈልገው ስፍራ ሁሉ ስሙን ብቻ ይጽፋል። ኮምፒውተሩም ስሙን ባገኘ ጊዜ ዝርዝሩን ካለበት አምጥቶ በተሰጠው አዲስ ቍጥር ወይም ቃል ላይ ይፈጽመዋል። የፍርድ ቤት ጸሐፊም «ከላይ በተጠቀሰው አንቀጽ መሠረት» ብሎ ሲያልፍ ከዚህ የራቀ ሥራ አይሠራም፤ አንቀጹ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ጕድ ነው።

የአቋቋም ትምህርት ዋና ስፍራ በሆነችው በጎንደር በአታ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ያው አንዱ ቃል አስቀድሞ በዝማሜ በመቋሚያ፥ ቀጥሎ በመረግድ በጸናጽልና በከበሮ በዝግታ፥ ኋላም በጽፋት በፍጥነት ይባላል። ቃሉ አንድ ሲሆን አፈጻጸሙ ይለዋወጣል ማለት ነው። ልዩነቱም በዚህ ላይ ይታያል፤ ከበሮ መቺው ቢቸኩል ባልንጀሮቹ ሰምተው ይመልሱታል፤ ኮምፒውተር ግን የተሳሳተ ትእዛዝ ቢሰጡት ስሕተቱን ሳያስቀር በትጋት ይፈጽማል።

ይህን ዝምድና አስቀድማ ያየችው የባለቅኔው የሎርድ ባይረን ልጅ፥ እመቤት አዳ ላቭሌስ ናት። በ1843 በጻፈችው ማስታወሻ፥ የድምፆች ግንኙነት በሥርዓት ቢገለጽ የማስሊያ መኪና ዜማ ሊደርስ ይችል ይሆናል ብላለች። መኪናው በዘመኑ ባይፈጸምም፥ በ1951 በአውስትራሊያና በእንግሊዝ አገር የተሠሩ ኮምፒውተሮች የታወቁ ዘፈኖችን አሰምተዋል።

ወደኛው ጕዳይ ስንመለስ፥ የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በቍጥር የሚመዘገቡበት ዩኒኮድ የተባለው መዝገብ በ2005 ከዜማችን ምልክቶች 10 ተቀብሎአል። እነርሱም በመዝገቡ ከፊደል ጎን የሚቆሙ ስለ ሆኑ ከፊደሉ ራስ ላይ ለማውጣት ሌላ ሥራ ያስፈልጋል፤ ይህ ግን ቀላሉ ነው። የሚከብደው፥ ምልክቱ የሚጠራው ዜማ የሚገኘው በመምህሩ ልብ መሆኑ ነው። መምህሩ ለደቀ መዝሙር ሳያስተላልፍ ቢያልፍ፥ ምልክቱ በብራናው ላይ ይቀራል እንጂ ሲጠራ የሚመልስለት የለም፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ስሙ ብቻ እንደ ቀረ የኮምፒውተር ትእዛዝ ይሆናል። ስለዚህ ብራናውን ፎቶግራፍ ማንሣት አይበቃም፤ የመምህሩን ድምፅ ከየምልክቱ ጋር አጣምሮ መቅዳት ያሻል፤ ይህንም በደንብ ሊያከናውን የሚችለው ሁለቱንም የተማረ ሰው ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምራል፤ በአታም በዚያችው ከተማ ናት።