የልጁን ልብ ወለድ ማን ይምረጥ?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ከትምህርት ቤት በሚላክለት የንባብ ውጤት ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ያገኛል። ሌክሳይል ይባላል። ወላጁም ቁጥሩን ይዞ ቤተ መጻሕፍት ይሄድና ተቀራራቢ ቁጥር ያለው ልብ ወለድ ይፈልጋል። ችግሩ፣ ሌክሳይል የሚመዝነው የዐረፍተ ነገሩን ርዝመትና ቃላቱ ምን ያህል የተለመዱ መሆናቸውን ነው፤ ታሪኩ ውስጥ አይገባም። በዚህ ሚዛን የጆን ስታይንቤክ «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» 680 ሲሆን፣ ጄፍ ኪኒ በካርቱን ያጀበው «ዳያሪ ኦቭ ኤ ዊምፒ ኪድ» 950 ነው። መሬታቸውን የተነጠቁ ገበሬዎች ሰቆቃ ለታናሹ፣ የተማሪ ቀልድ ለታላቁ ሊታደል ነው ማለት ነው።

ለልጅ ምን ይመረጥ የሚለው ክርክር ግን ከሌክሳይል ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳሊያ መስጠት ጀመረ። ደንቡ ሽልማቱ ለተወዳጅነት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል፤ ወላጅና መምህር ግን ሽፋኑ ላይ የወርቁን ማኅተም ሲያዩ «ልጄ ይወደዋል» ብለው ይገዛሉ። በ2008 የልጆች መጻሕፍት ሐያሲዋ አኒታ ሲልቪ በአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች መጽሔት ላይ ሜዳሊያው መንገድ ስቷል ወይ ብላ ስትጠይቅ ሙግቱ ጋለ። ተሸላሚዎቹ ልጆችን አይስቡም የሚለው ስሞታ እውነት አለው፤ ግን በ1999 የተሸለመው የሉዊስ ሳቻር «ሆልስ» አለ። ባልሠራው ጥፋት በረሃ ተልኮ በየቀኑ ጉድጓድ የሚቆፍር ልጅ ታሪክ ነው፤ የጀመረው ልጅ በቀላሉ አያስቀምጠውም። በ2020 ደግሞ በሥዕል የተተረከው የጄሪ ክራፍት «ኒው ኪድ» አሸነፈ፤ ከዚያ በፊት ለእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ሜዳሊያው ተሰጥቶ አያውቅም።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው «አክሰለሬትድ ሪደር» የተባለ የንባብ ፕሮግራም ደግሞ ነገሩን ወደ ፈተና ወሰደው። ልጁ ያነባል፣ ኮምፒውተር ላይ ጥያቄ ይመልሳል፣ ነጥብ ያገኛል። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፍ የሚመረጠው በነጥቡ ይሆናል።

የልጆችን ንባብ በሚከታተለው የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ምዘና የተገኘው ቁጥርም ደስ አይልም። ለደስታቸው በየቀኑ ወይም በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሚያነቡ የ13 ዓመት ልጆች በ1984 ከመቶ 35 ነበሩ፤ በ2012 27፣ በ2023 14 ሆኑ። ስልኩ ተወቃሽ ነው፤ ግን የመጀመሪያው መንሸራተት ስማርት ስልክ ልጆች እጅ ከመግባቱ በፊት የተጀመረ ነው።

ተመራማሪው ስቲቨን ክራሸን ለዓመታት የተሟገተው ልጁ ራሱ መርጦ፣ ያለ ፈተና እንዲያነብ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ዳንኤል ፔናክ በ1992 ለአንባቢ ከዘረዘራቸው መብቶች አንዱ መጽሐፍን አለመጨረስ ነው። እኛ ቤት ይህ መብት ይከብዳል፤ ያልተጨረሰ መጽሐፍና ያልተጨረሰ እንጀራ እኩል ያስቆጣሉ። እኔ ግን ከፔናክ ጋር ነኝ። የወላጅ ሥራ መደርደሪያውን መሙላት ነው፤ ቀልዱን፣ ጀብዱውን፣ በሥዕል የተተረከውን ሳይንቅ። ከነዚህ መካከል ልጅነቷን ኢትዮጵያ ያሳለፈችው ጄን ከርትዝ በ1998 ያሳተመችው «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ቢገኝ ጥሩ ነው፤ አንዲት የቅማንት ልጅና አንዲት ዓይነ ስውር የቤተ እስራኤል ልጅ ወደ ሱዳን የሚሰደዱበት ታሪክ ነው። የእኛ ስለሆነ ብቻ ግን ልጁ ላይወደው ይችላል። ሃያ ገጽ አንብቦ ወደ ካርቱኑ ቢመለስ እዚያው ይቆይለት፤ በ10 ዓመቱ ያልያዘው በ12 ሊይዘው ይችላል።