ወተትና ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ ሲያዙ ስለሚደርሰው ጉዳት

ወተት የሕፃናት ምግብ፤ የሕመምተኛ መጽናኛ፤ ለከብት ባለቤትም የዘወትር ገቢ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ምንም ያህል በንጽሕና ቢታለብ፤ የሚቀመጥበት ዕቃ ካልተመረጠ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ሊለወጥ ይችላል።

የቀድሞ ሰዎች ወተትን በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ያኖሩ፤ ቅቤንም በቅጠል ይጠቀልሉ ነበር። ዛሬ ግን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በመርሳ፤ በሀብሩም ገጠር፤ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ጀሪካንና ፌስታል ቦታውን ይዘዋል። ቀላል፤ ርካሽና የማይሰበሩ ናቸውና ገበሬው ቢመርጣቸው አይነቀፍም፤ ነገሩን ማስረዳት ግን ይገባል።

አንዳንዱ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ ፕታሌት የሚባል ቅመም ይጨመርበታል፤ ጠንካራውና ጥርት ያለው ፖሊካርቦኔት ደግሞ ቢስፌኖል ኤ ከሚባል ቅመም ይሠራል። እነዚህም ጥቂት በጥቂት ከዕቃው ወደ ምግብ ይወጣሉ። ፕታሌት ስብ ስለሚስማማው ከውኃ ይልቅ ወደ ወተትና ወደ ቅቤ መግባት ይቀለዋል። ሙቀትና ብዙ ጊዜ መቆየት ደግሞ ያብሱበታል፤ ይኸውም እንደ መርሳ ላለ ሞቃት አገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ጉዳቱ በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም። ቅመሞቹ የሰውነትን የሆርሞን ሥራ ያውካሉ፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራም አንዳንዱ ፕታሌት የወንድ ፅንስን የመራቢያ አካል እንደሚጎዳ ታይቷል። የአውሮጳ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሰው በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ተብሎ በ2007 ዓ.ም. የተወሰነውን የቢስፌኖል ኤ መጠን፤ በ2015 ዓ.ም. 20,000 ጊዜ አሳንሶታል። የአውሮጳ ኅብረትም በ2003 ዓ.ም. ከሕፃናት ጡጦ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከምግብ ዕቃዎች ሁሉ እንዲወገድ ደንግጓል።

የተለመደው ቢጫ ጀሪካን የሚሠራው ፖሊኤቲሊን ከሚባለው ዓይነት ስለ ሆነ፤ ሁለቱ ቅመሞች አብዛኛውን ጊዜ የሉበትም። የእርሱ አደጋ አስቀድሞ በያዘው ነገር ነው። ነዳጅ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን መርዙን ወደ ገላው ስቦ ይይዛል፤ ታጥቦም አይለቅም፤ ኋላ ለሚገባበት ወተት ይሰጠዋል። አንገቱም ጠባብ ስለ ሆነ ውስጡን በእጅ ማጽዳት አይቻልም።

ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት የሚከተለውን ቢፈጽሙ ሕዝቡን ከጉዳት ያድናሉ።

1ኛ፤ የተባይ መድኃኒት የያዘ ባዶ ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እንዲበሳ፤ በገበያም ከቶ እንዳይሸጥ ማድረግ።

2ኛ፤ የወተት ሻጮች በማኅበር ሆነው የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ጋን እንዲገዙ መርዳት፤ ለአንዱ ቤት የከበደው ዋጋ ለብዙዎች ይቀላልና።

3ኛ፤ ትኩስ ወተትና የነጠረ ቅቤ ሳይበርድ በፕላስቲክ እንዳይገለበጥ፤ ወተትም በመንገድ ሳለ በጥላ እንዲሆን ማስተማር።

4ኛ፤ ቅልና የሸክላ ዕቃ የሚሠሩትን ማበረታታት።

ይህ ሁሉ ሰው ወተት መጠጣትን እንዲፈራ የተጻፈ አይደለም፤ ወተቱ ከላሚቱ እንደ ወጣ ሳይበላሽ ለሕፃኑ እንዲደርስ ነው እንጂ።