እንግዳው ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ልጅዎን ከትምህርት ቤት ሊያመጡ ወጥተዋል እንበል። በሩ አጠገብ የማያውቁት ሰው ቆሟል። አንዴ ወደ ግቢው ያያል፣ አንዴ ብቻውን ያወራል። ልብዎ ምን ይላል? «እገታ» የሚለው ቃል ቡና በተፈላ ቁጥር በሚነሳበት በዚህ ጊዜ፣ ደብረ ታቦርም ይኑር አዲስ አበባ፣ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ዋናው ነገር ከድንጋጤው ቀጥሎ የምናደርገው ነው።

ወሬ ሲቀድም

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ አዲስ ዓለም በተባለች ከተማ፣ ለጥናት የሄዱ ሁለት የጤና ተመራማሪዎች በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። መነሻው «ልጆቻችንን ሊመርዙ መጡ» የሚል ወሬ ነበር። ወሬው ሐሰት ነበር፤ የሁለቱ ሰዎች ሞት ግን እውነት ነው። ለልጅ መሳሳት ጥሩ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሳይጣራ ሲቀር የሰው ሕይወት ያጠፋል።

ጥርጣሬው የቆየ ነው

ከደብረ ታቦር ብዙም በማትርቀው ጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠርቷል። አገር በብረት ሥራ የሚኮራውን ያህል፣ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ግን «ቡዳ» እየተባለ ሲፈራና ሲገለል ኖሯል። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው ወደ እሱ ነበር።

በሌላ በኩል የደቡብ ጎንደር ሰው እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። ድጓ ሊማር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋስዕት ሊማር ወደ ዙር አምባ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ደጅ ላይ ይቆማል። ውሻው ይጮህበታል፤ እማወራዋ ግን ምን ፈልጎ እንደመጣ ስለምታውቅ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ከተማዋ በስሙ በምትጠራበት በደብረ ታቦር በዓል፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆቻችን ራሳቸው የማያውቁትን ሰው ደጅ እየዞሩ ይጨፍራሉ። ማንም አይደነግጥም። እንግዳ ሰው የሚያስፈራን የመጣበትን ጉዳይ ሳናውቅ ስንቀር ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ?

ይጠይቁ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ሰው ፈልገው ነው?» ማለት ነውር የለውም። መንገድ የጠፋው ይደሰታል፤ ክፉ ያሰበውም መታየቱን ያውቃል። ብቻዎን መቅረብ ከከበደዎት የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ይጥሩ።

ከመልኩ ይልቅ ድርጊቱን ይዩ። የተጎሳቆለና ብቻውን የሚያወራ ሰው የአእምሮ ሕመም ይኖርበት ይሆናል። አብዛኞቹ የአእምሮ ሕሙማን ማንንም አይጎዱም፤ ይልቁንም ራሳቸው ይደበደባሉ፣ ይዘረፋሉ። ልጅን ነጥሎ የሚጠራ፣ ስጦታ የሚያሳይ፣ «ለእናትህ እንዳትነግራት» የሚል ሰው ግን ከረባት ቢያስርም ያሳስባል።

ለልጅዎ «የማታውቀውን ሰው ፍራ» ማለት ብቻ አይበቃም። በየትም አገር በልጆች ላይ ጥቃት ከሚያደርሱት አብዛኞቹ ልጁ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከማን ጋር ወደ ቤት እንደሚመለስ አስቀድመው ይንገሩት። በቤተሰብ ብቻ የሚታወቅ አንድ ቃል ይስጡት፤ ያንን ቃል የማያውቅ ሰው «እናትህ ልካኝ ነው» ቢለው እንዳይከተለው። የሚያስጨንቀው ነገር ሲገጥመው ወደ መምህሩ ወይም ወደሚያውቃት ባለሱቅ እንዲሮጥ ያስተምሩት። ሲነግርዎትም አይቆጡት፤ ዛሬ የተቆጡት ልጅ ነገ ይደብቅዎታል።

ወሬ ሲደርስዎ ያጣሩ። የአንድ ሰው ፎቶ «ልጅ ሰራቂ» ተብሎ በቴሌግራም ቢመጣልዎ ለሌላ አይላኩት። የሚያሳስብ ነገር ካዩ ለትምህርት ቤቱ፣ ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ፣ ያዩትን ብቻ፣ በሰዓቱና በቦታው ይናገሩ። ሰው ተሰብስቦ መጯጯህ ከጀመረም «ቆይ፣ ፖሊስ ይምጣ» የሚል አንድ ድምፅ ያስፈልጋል። ያ ድምፅ የእርስዎ ይሁን።