ትሉ መድኃኒቱን ሲለምድ

ፈረስ በኮቴው መሬት እየጫረ፣ ወደ ጎኑ ዞሮ ሆዱን እያየ ከተንከባለለ ቁርጠት ይዞታል። መንስኤው ብዙ ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግን ፈረሰኞች ከምንም በላይ የሚፈሩት ስትሮንጂለስ ቩልጋሪስ የተባለውን ደም መጣጭ ትል ነበር። ፈረሱ ከሣር ጋር የሚውጠው እጭ ወደ አንጀት ደም የሚወስደው ሥር ውስጥ ይገባል፤ ደም ይረጋል፤ ደም ያጣው አንጀት ይሞታል።

መላውን ያመጡት በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሃሮልድ ድራጅ እና ዩጂን ላየንስ ናቸው። ትሉ ከተዋጠ በኋላ እንቁላል እስኪጥል ስድስት ወር ያህል ይፈጅበታል። የዚያን ጊዜ መድኃኒት የሚገድለው ደግሞ አንጀት ውስጥ የደረሰውን ትል ብቻ ነበር። ስለዚህ በ1966 እ.ኤ.አ. ፈረሶች በሙሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ እየተመላለሱ መድኃኒት እንዲወስዱ መከሩ። እንቁላሉ ግጦሽ ላይ ካልወደቀ የትሉ ዘር ይነጥፋል። እንዳሉትም ሆነ፤ ምክሩን በተከተሉ እርባታዎች ገዳዩ ትል ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ምክሩ ዓለምን ዞረ፤ ውሎ አድሮም «በየሁለት ወሩ» የሚል ልማድ ሆነ። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። በፈረስ አንጀት ውስጥ 50 ያህል ዝርያ ያላቸው ትናንሽ ትሎችም ይኖራሉ። መድኃኒቱ በተሰጠ ቁጥር ደካሞቹ አለቁ፣ የተቋቋሙት ተባዙ። በ1980ዎቹ የመጣው አይቨርሜክቲን ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሆኖም በ2002 ከኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት የውርንጭላ ወስፋት ይህንንም መድኃኒት እንደተላመደ አሳየ። ለፈረስ ትል ከዚያ ወዲህ አዲስ ዓይነት መድኃኒት አልተገኘም። በእጃችን ያለው ቢያልቅ ተተኪ የለውም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ከቀን መቁጠሪያ ወደ ፋንድያ አዞሩ። ሥራው ቀላል ነው። 4 ግራም ትኩስ ፋንድያ ተመዝኖ በ56 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ይበጠበጣል፤ በማጥለያ ይጠለልና መስመር በተሰመረበት መስታወት ውስጥ ይፈሳል። ጨዋማው ውኃ እንቁላሉን ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። በማይክሮስኮፕ የታየው እያንዳንዱ እንቁላል በ50 ሲባዛ በአንድ ግራም ፋንድያ ውስጥ ያለውን መጠን ይሰጣል። ቁጥሩ ከ200 በታች የሆነ ጤነኛ አዋቂ ፈረስ ብዙ ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን እንቁላል የሚጥሉት ጥቂት ፈረሶች ናቸውና እነሱን ለይቶ ማከም ይበቃል። መድኃኒት ያልነካቸው ትሎች በሌሎቹ ውስጥ ስለሚቀሩ የተላመዱት ብቻቸውን አይነግሡም። ከሕክምናው 14 ቀን በኋላ ደግሞ እንደገና ይቆጠራል፤ መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ይሁንና ክርክሩ አላለቀም። ዴንማርክ ከ1999 ጀምሮ የትል መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ለይቶ ማከምም በዚያ ተለመደ። በኋላ ግን ተመራማሪው ማርቲን ኒልሰን እና ባልደረቦቹ፣ በዚያው አገር እየለዩ በሚያክሙ እርባታዎች ያ የድሮው ገዳይ ትል በብዛት እንደሚገኝ በ2012 አሳወቁ። እንቁላሉን ስለቆጠሩ ብቻ ዝርያውን አያውቁትም፤ የትልቁም የትንሹም ትል እንቁላል በመልክ አይለይምና። መድኃኒት ሲበዛ ትሉ ይላመዳል፤ ሲያንስ ገዳዩ ይመለሳል።

ጉዳዩ የእኛም ነው። በኢትዮጵያ ከ2,900 በላይ የሥራ አህዮች ፋንድያ የተመረመረበት ጥናት በሁሉም ላይ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የእነዚህን ትሎች እንቁላል አግኝቷል። ጭነት እየተሸከመ፣ መኖ እያነሰው ለሚውል እንስሳ፣ ትሉ የሚወስድበት ድርሻ ከጉልበቱ ላይ የሚቀነስ ነው። የእኛ ችግር የመድኃኒት መብዛት ብቻ አይደለም፤ በዓይን ግምት ገምሶ መስጠትም ነው። በቂ ያልሆነ መጠን ትሉን ሳይገድል ያለማምደዋል።

አህያና የጋሪ ፈረስ ያላችሁ ሁሉ፣ መድኃኒቱን ከመግዛታችሁ በፊት ትኩስ ፋንድያ ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ። የእንስሳውን ክብደት አስለኩ፤ የታዘዘውንም ሳትቀንሱ ስጡ። ይህ መድኃኒት ለልጆቻችን እንስሳትም ሊተርፍ ይገባል።