ግራ እጅ ሳይነካው የሚመታ የጃዝ ኮርድ

የተቃኘ ጊታር ያንሡ። ግራ እጅዎን ከአንገቱ ላይ ያውርዱና ከወፍራሙ ክር ጀምረው አምስቱን ብቻ ይግረፉ፤ ቀጭኑ ኢ ይቅር። ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ። የጃዝ ተማሪዎች «ሶ ዋት ኮርድ» የሚሉት ይኸው ነው። ስሙን ያገኘው ማይልስ ዴቪስ በ1959 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ካስቀዳው «ሶ ዋት» ከተባለው ሙዚቃ ሲሆን፣ ፒያኖ ላይ የነበረው ቢል ኢቫንስ ነው።

በወረቀት ላይ «ኢ ማይነር ኢለቨን» ተብሎ ሲጻፍ ጀማሪን ያስደነግጣል። የጃዝ ኮርዶች ግማሹ ችግር ስማቸው ይመስለኛል። የተለመደው ኮርድ አንድ ኖታ እየተዘለለ ይደረደራል፤ ዶ፣ ሚ፣ ሶል እንደሚባለው። እዚህ ግን ከኢ እስከ ኤ፣ ከኤ እስከ ዲ፣ ከዲ እስከ ጂ ያለው ርቀት አራተኛ ነው፣ ማለትም ሁለት ኖታ ይዘለላል፤ ከጂ እስከ ቢ ብቻ ሦስተኛ ይሆናል። ድምፁ ደስታም ሐዘንም ነው ለማለት የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ነው። ፒያኒስት በሁለት እጁ የሚይዘውን ይህን ድርድር ጊታር ገና ሲቃኝ ይዞት ይገኛል።

አሁን አምስቱን ኖታዎች ከጂ ጀምረው በተራ ያስቀምጧቸው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ሜጀር ትዝታ ነው። ኢቫንስ ትዝታን አስቦ መታው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አለ። ነገር ግን በትዝታ የምናውቃቸው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ የሚመጡት ድምፆች እዚህ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ከሥር የተቀመጠውም መነሻው ጂ ሳይሆን ኢ ስለሆነ ጆሮ ማረፊያውን ቶሎ አያገኘውም። በትዝታ ያደገ ሰው ይህን ኮርድ እንደ ባዕድ የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

በሙዚቃው ውስጥ ኮርዱ ብቻውን አይመጣም። የፖል ቻምበርስ ቤዝ እንደ አውጪ ዜማውን ይጀምራል፤ ፒያኖው እንደ ተቀባይ በሁለት ኮርድ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ ሁለተኛው ቁርጥ ነው። ጊታር ላይ የመጀመሪያውን በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት፣ ሁለተኛውን በአሥረኛው ይመቱታል። ሌባ ጣት ክሮቹን ቀጥ ብሎ ይጫናል፣ ሁለት ፍሬት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ አለቀ። ሁለተኛው ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ ይሰጣል፤ ይህም ከኤፍ የሚነሣ ትዝታ ነው። የሁለቱ ኮርዶች ኖታዎች ሲደመሩ ዜማው የቆመበትን የዲ ዶሪያን ቅኝት ሰባት ድምፆች አንድም ሳይቀር ይሞላሉ።

ዜማው 32 ባር ነው። ለ16 ባር በዲ ይቆያል፣ ለ8 ባር ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል፣ በመጨረሻው 8 ባር ይመለሳል። ለጊታሪስቱ ይህ ማለት አሥራ ሁለትና አሥር የነበረው አሥራ ሦስትና አሥራ አንድ ይሆናል ማለት ነው።

የሚያታግለው ጣቱ ነው። ሌባ ጣት በሆዱ ከተኛ የአንጓው ስንጥቅ ከአንዱ ክር ጋር ይገጥምና ድምፁን ያፍነዋል። ስለዚህ ጣቱን ትንሽ ወደ አውራ ጣት በኩል አዙሮ አጥንታም በሆነው ጎኑ መጫን ይሻላል። አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ መሀል ላይ ይረፍ፤ ጉልበቱም ከመጭመቅ ይልቅ ክንድን ወደ ኋላ ሳብ ከማድረግ ይምጣ። ክሮቹን አንድ በአንድ መትተው የታፈነውን ይፈልጉ። ቀጭኑ ኢ ሳይታሰብ አብሮ ቢመታም አያበላሽም፤ ከሥር ያለውን ድምፅ ከላይ ይደግመዋል እንጂ።

ጊታርዎ ክላሲክ ከሆነ አንገቱ ከሣጥኑ ጋር የሚገናኘው አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስለሆነ እዚያ አይታገሉ። በአምስተኛውና በሦስተኛው ፍሬት ይጀምሩ፤ አያያዙ ያው ነው፣ ቁልፉ ብቻ ይለወጣል። ከዚያ በፊት ግን «ሶ ዋት»ን ይስሙ፤ «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የተባለው የዴቪስ አልበም የመጀመሪያ ሙዚቃ ነው።