ሲበሉ ድምፅ ማሰማት ነውር ነውን?

እመቤት ሆይ፣ በመስቀል ሰሞን አማትዎ ከገጠር ሆሳዕና መጥተው፣ በቅቤና በወተት የተሠራውን ትኩስ አታካና ከማንኪያው እየሳቡ ሲበሉ፣ ልጅዎ «እማዬ፣ አያቴ ሲበሉ አፋቸው ይጮኻል!» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንደጻፈው፣ በመኳንንቱ ማዕድ ትልቅ ትልቁን ጎርሶ አፉን የሚያስጮኸው ሰው ነበር ጨዋ የሚባለው፤ ድምፁን አጥፍቶ የሚበላ ግን እንደ ለማኝና እንደ ሌባ ይታይ ነበር። ሰውየው ማጋነን እንደሚወድ አይዘንጉ!

ደግሞም ትኩስ ነገርን ከአየር ጋር መሳብ ምላስን ከመቃጠል ያድናል። ልጅዎን አፉን ገጥሞ ማላመጥ ያስተምሩት፤ ግን አያቱ ፊት አይሁን። ሰምተው ማንኪያውን ካስቀመጡ፣ ለከርሞው መስቀል ሲጠሯቸው «እግሬን አሞኛል» ይሉዎታል።