ውሃ የቋጠረ ሁሉ ምች አይደለም



በሳጉሬና በአካባቢዋ ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ «ምች ነው» ወይም «አልማዝ ባለጭራ ነው» ይባላል። ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን አልማዝ ባለጭራ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይወጣል፤ በሳምንታት ውስጥም ይደርቃል። በሁለቱም ጎን ከተስፋፋ፣ እየዳነ ከተመላለሰ ወይም ከወር በላይ ከቆየ ግን ሌላ በሽታ መጠርጠር አለበት።

የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል አንዳንዴ ተሳስቶ የገዛ ቆዳችንን ማያያዣ ያጠቃል። በዚህ ከሚመጡት አንዱ ፔምፊገስ ነው። ብዙ ጊዜ በማይድን የአፍ ቁስል ይጀምራል፤ ቆዳ ላይ የሚቋጥረውም ስስ ስለሆነ ቶሎ ይፈነዳል። ሁለተኛው ፔምፊጎይድ አረጋውያንን ያጠቃል፤ በጣም ያሳክካል፤ የሚቋጥረውም የተወጠረና በቀላሉ የማይፈነዳ ነው። ሁለቱም አይተላለፉም፤ ስለዚህ በሽተኛውን ከማዕድ አታግልሉ።

ሁለቱን የለየው ዋልተር ሌቨር የተባለ ሐኪም በ1953 (እ.ኤ.አ.) ነበር። መለየቱ ለምን ይጠቅማል? ፔምፊገስ ካልታከመ ይገድላል፤ ብዙ ጊዜም ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ ጠንካራ መድኃኒት ይፈልጋል። ፔምፊጎይድን ግን በሐኪም በታዘዘ ጠንካራ ቅባት ብቻ መቆጣጠር ይቻላል፤ ይህም ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው አረጋውያን ትልቅ እፎይታ ነው።

በዐይን አይቶ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ሐኪሙ ከአዲስ ቁስል ጠርዝ ትንሽ ቆዳ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። ሌላ ቁራጭ ከቁስሉ አጠገብ ካለው ደህና ቆዳ ይወሰዳል፤ ይህኛው ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ምርመራው ይበላሻል። የደም ምርመራም ይረዳል። ይህ ሁሉ በየከተማው ስለማይገኝ ከአሰላ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ብትላኩ አትሰላቹ።

ከመድኃኒት ቤት በኩል የምመክራችሁ፦

ያለ ትእዛዝ ቅባት ገዝታችሁ አትቀቡ፤ የበሽታውን መልክ ይለውጣል።

የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውንም ቢሆን ለሐኪሙ አሳዩ፤ ቆዳን ውሃ የሚያስቋጥሩ መድኃኒቶች አሉና። አዲስ መድኃኒት ከወሰዳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ የዐይን መቅላትና የአፍ መላጥ ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ፕሬድኒሶሎን የታዘዘለት ሰው ተሽሎኛል ብሎ በድንገት አያቋርጥ። ረመዳን ሲቃረብም መጾም መቻሉንና የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

በቤታችሁ ከወር በላይ የአፍ ቁስል ያልዳነለት ሰው ካለ ነገ ዛሬ ሳትሉ ውሰዱት።